ከሻጋታ ሕመም እያገገሙ የቤት እንስሳን ማቆየት ወይስ ማራቅ? የንጽጽር መመሪያ

እርጥበትና ሻጋታ በያዘ ቤት ውስጥ ኖሮ ሳል፣ የአፍንጫ መታፈን፣ ሲር ሲር የሚል አተነፋፈስ ወይም የአስም መባባስ የደረሰበት ሰው ሕክምና ሲጀምር ከዘመድም ከጎረቤትም ቀድሞ የሚሰማው ምክር «በመጀመሪያ ድመቷን አስወጣ» የሚል ነው። ምክሩ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚሰጠው ድመቷ ለዓይን ስለምትታይ፣ ከኮርኒሱ በላይ ወይም ከግድግዳው ጀርባ የሚንጠባጠበው ውኃ ደግሞ ስለማይታይ ነው። በአንጻሩ እንስሳውን እንደ ልጁ የሚያይ ሰው ሐኪሙ «ወፏ ከቤት መውጣት አለባት» ብሎ በግልጽ ከነገረው በኋላ እንኳ ውሳኔውን ከወር ወደ ወር ሲያስተላልፍ ሳንባው ላይ የማይመለስ ጠባሳ ሊተው ይችላል። ሁለቱም ስሕተቶች የሚመጡት መስፈርት ሳያስቀምጡ ከመወሰን ነው። ይህ መመሪያ በአዲስ አበባ ክረምት በመጣ ቁጥር ጣሪያው የሚያፈስበትን ሰውም፣ በአሜሪካ በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ቤዝመንት (ከምድር በታች ያለ የቤት ክፍል) ተከራይቶ የሚኖረውንም በማሰብ የተዘጋጀ ሲሆን፣ የሐኪምን ምክር የሚተካ ሳይሆን ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርቡ ምን እንደሚጠይቁ የሚያመላክት ነው።

መስፈርቶቹ

የመጀመሪያውና ከሁሉም የሚከብደው መስፈርት የሕመሙ ዓይነት ነው፤ ምክንያቱም «የሻጋታ ሕመም» በሚል አንድ ስም ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮች ይጠራሉ። አንደኛው አለርጂና አስም ሲሆን እጅግ የተለመደው ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ በእርጥብና በሻገተ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካል ምልክቶች፣ ለመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽንና ለአስም መባባስ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን በቂ ማስረጃ እንዳለው አስፍሯል። ሁለተኛው ሐኪሞች ሃይፐርሴንሲቲቪቲ ኒሞናይቲስ የሚሉት፣ የሳንባው ጥልቅ ክፍል ከአየር ጋር ለሚገቡ ብናኞች ከልክ ያለፈ ምላሽ ሰጥቶ የሚቆጣበት ሕመም ነው። ይህኛው ከፊተኛው ያነሰ ሰው የሚይዝ ቢሆንም ለእንስሳ ውሳኔ ወሳኙ እሱ ነው። ሦስተኛው የሰውነት መከላከያቸው በጣም የተዳከመ ሰዎችን፣ ለምሳሌ የአካል ንቅለ ተከላ የተደረገላቸውን ወይም ለደም ካንሰር ኬሞቴራፒ የሚወስዱትን፣ ሻጋታው ራሱ ሳንባቸው ውስጥ ገብቶ የሚያድግበት ኢንፌክሽን ነው። አራተኛው ደግሞ ድካም፣ የሐሳብ መበታተን፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና የመሳሰሉት በአንድ ላይ ሆነው «የሻጋታ መርዝ» ውጤት ናቸው የሚባልበት ሁኔታ ነው።

ስለ አራተኛው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የታማሚው ስቃይ እውነተኛ ነው፤ አጨቃጫቂ የሆነው የምርመራው ስያሜ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ማሳሰቢያ በሽንት ውስጥ የሻጋታ መርዝ የሚፈልጉ ምርመራዎች ለሕክምና ውሳኔ እንዲውሉ ያልጸደቁ መሆናቸውን ገልጿል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ወረቀት ብቻ ተነሥቶ ለአሥር ዓመት አብሮት የኖረን ውሻ መስጠት ከማስረጃው በላይ መሄድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው መስፈርት ውኃው መቆሙ ነው። ሻጋታ ያለ እርጥበት አያድግም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የረጠበ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲደርቅ፣ የቤት ውስጥ አንጻራዊ እርጥበትም ከ60 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 በመቶ ባለው መካከል እንዲሆን ይመክራል። ቧንቧው እያፈሰሰ፣ ቆርቆሮው እያንጠባጠበ ወይም መታጠቢያ ቤቱ መስኮት አልባ ሆኖ ሳለ እንስሳውን ያስወጣ ሰው ቢሻለውም ባይሻለውም ምክንያቱን ማወቅ አይችልም።

ሦስተኛው መስፈርት ታማሚው ለዚያ እንስሳ አለርጂ ያለበት መሆኑ በምርመራ መረጋገጡ ነው። በክንድ ቆዳ ላይ በሚደረግ የመጫር ምርመራ ወይም በደም ምርመራ ለሻጋታ፣ ለድመት፣ ለውሻና ለአቧራ ቅማል ያለውን ምላሽ ለየብቻ ማየት ይቻላል። ለሻጋታ አለርጂ የሆነ ሰው ለእንስሳ ጭምር አለርጂ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ምርመራው በማይገኝበት ቦታ ደግሞ ሁለተኛ መንገድ አለ፤ እንስሳውን ከማንቀሳቀስ ይልቅ ሰውየውን ማንቀሳቀስ። ታማሚው ደረቅና እንስሳ በሌለበት የዘመድ ቤት ሁለት ሳምንት ቢያድርና ቢሻለው ጥፋቱ ከቤቱ መሆኑ ይታወቃል፤ ከዚያ ከእንስሳው ጋር በዚያው ደረቅ ቤት ቀናት ሲያሳልፍ ምልክቱ ካልተመለሰ ጥርጣሬው ከእንስሳው ይልቅ ወደ ግድግዳው ያዘነብላል። ከባድ አስም ያለበት ሰው ግን ይህን በራሱ አይሞክረው።

የቀሩት መስፈርቶች አጭር ናቸው፦ የእንስሳው ዓይነት፣ የሚያጥበውና የሚያጸዳው ጤነኛ ሰው ቤት ውስጥ መኖሩ፣ በእጅ ያለው ገንዘብ፣ ቢወጣ የሚሄድበት እውነተኛ ቦታ መኖሩ።

የእንስሳው ዓይነት የሚያመጣው ልዩነት

ብዙ ሰው ከድመት ይጀምራል፤ እኔ ግን ከወፍ እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም ከሁሉም የከፋ ውጤት ሊያመጣ የሚችለው እሱ ነው። በቀቀን፣ ርግብ፣ ካናሪና ሌሎች ወፎች ከላባቸውና ከኩሳቸው የሚነሣው ደቃቅ ብናኝ ያንኑ ሃይፐርሴንሲቲቪቲ ኒሞናይቲስ የሚባለውን የሳንባ ቁጣ ያስከትላል፤ በእንግሊዝ አገር ርግብ አርቢዎች ዘንድ ስለሚታወቅ በርግብ አርቢዎች ስም የሚጠራ ዓይነትም አለው። ሻጋታም ወፍም አንዱን ሕመም ስለሚያመጡ ሁለቱ በአንድ ቤት ሲገኙ ሐኪም እንኳ መለየት ይቸገራል። የወፍ ፕሮቲን ወፉ ከሄደ በኋላ በቤት ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ስለሚችል ጎጆውን ማውጣት ብቻ አይበቃም፤ ምንጣፉ፣ መጋረጃው፣ ሶፋው፣ እንዲሁም ብዙ ሰው የሚረሳው የላባ ትራስና የላባ ብርድ ልብስ መታየት አለባቸው። በግቢ ውስጥ ዶሮ የሚያረባ ቤተሰብም ጉዳዩ ይመለከተዋል፤ የዶሮ ቤት ማጽዳት፣ በተለይም የረጠበና የሻገተ ጭድ መገልበጥ፣ በማገገም ላይ ላለ ሰው የሚሰጥ ሥራ አይደለም።

ድመት ቀጥላ ትመጣለች። አለርጂ የሚያስነሣው ጸጉሯ ሳይሆን በምራቋና በቆዳዋ ቅባት ውስጥ ያለ ፌል ዲ 1 የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ራሷን ስትልስ ጸጉሯ ላይ ይደርቅና በጣም ደቃቅ ሆኖ አየር ላይ ለረጅም ጊዜ ይንሳፈፋል፤ በልብስ ተጣብቆም ድመት ወደሌለበት ቤትና ወደ ትምህርት ቤት ይደርሳል። ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ከተኮላሸው ይበልጥ ፕሮቲኑን ያመነጫል። ከዚህ በተጨማሪ የድመቷ አሸዋ ሣጥን ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ማለትም ከቤቱ ሁሉ እርጥብ በሆነው ክፍል ነው፤ ቦታውን መቀየር ምንም ወጪ የለውም።

ውሻ በአብዛኛው ከድመት የቀለለ ነው። «አለርጂ የማያመጣ ዝርያ» እየተባለ በውድ የሚሸጠውን በተመለከተ፣ በየቤቱ በተለኩ የአለርጂ አስነሺ ፕሮቲን መጠኖች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከሌላው ዝርያ የሚለይ ነገር አላገኙም፤ ስለዚህ ዝርያ በመቀየር መፍትሔ መፈለግ ገንዘብ ማባከን ነው። የውሻ ልዩ ችግሩ እርጥበት ነው። ከዝናብ ገብቶ ሶፋ ላይ የሚተኛ ውሻ፣ ተጠቅልሎ የተረሳ እርጥብ ፎጣ፣ ሳምንት ያልታጠበ የውኃ ሳህን፣ ምንጣፍ ላይ የተሸናበትና በደንብ ያልደረቀ ጥግ ሁሉ ለሻጋታ መልካም ማሳ ናቸው። በአገራችን ልማድ ውሻ ከቤት ውጭ፣ በግቢ፣ በራሱ ጎጆ መኖሩ በዚህ ረገድ ለታማሚው የሚጠቅም ሆኖ ተገኝቷል፤ ውጭ አገር ያደጉ ልጆች ውሻውን አልጋ ላይ ይዘው ሲተኙ የሚደነግጡ እናቶች ምክንያታቸው ሌላ ቢሆንም ምክራቸው በዚህ ጉዳይ ከሐኪሙ ጋር ይገጥማል።

ጥንቸልና የመሰሉ ትናንሽ እንስሳት ራሳቸው ሳይሆኑ ድርቆሻቸው ያሳስባል። ገበሬዎችን የሚያጠቃው የታወቀው የሳንባ ቁጣ የሚመጣው ከሻገተ ድርቆሽ ነውና መኝታቸው ደረቅ ካልሆነ እንስሳው ሻጋታን በየሳምንቱ በከረጢት ወደ ቤት ያስገባል ማለት ነው። ዓሣ አለርጂ አያመጣም ቢባል ያስኬዳል፤ ክዳን የሌለው የዓሣ መያዣ ግን ቀንና ሌሊት ውኃ ወደ አየር ይለቃል፤ ክዳን ቢደረግለት ይበቃል።

አንድ ተደጋጋሚ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመለስ፦ እንስሳው ሻጋታውን «ይዞ» ከቤት ወደ ቤት ያዛምታል? ጸጉሩ ላይ ብናኝ ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን መታጠብና ጨርቅ መኝታውን መጣል ይበቃል። ከድመት ወደ ሰው የሚተላለፈው ጭርት ሌላ ዓይነት ፈንገስ ነው፤ ከግድግዳ ሻጋታ ጋር ዝምድና የለውም፤ የሚታከመውም በእንስሳት ሐኪምና በቆዳ ሐኪም ነው።

አማራጮቹ በመስፈርቱ ሲመዘኑ

*እንደነበረ ማቆየት።* ውኃው ቆሞ፣ የሻገተው ነገር ተወግዶ፣ ምርመራው ለእንስሳው አለርጂ እንደሌለ ካሳየ እንስሳውን ለማራቅ የሕክምና ምክንያት የለም። ብቻውን ለሚኖር ሰው ድመቷ ወይም ውሻው በቀን ውስጥ የሚያናግረው ብቸኛ ፍጡር ሊሆን ስለሚችል ያለምክንያት ማጣቱ ራሱ ማገገምን ይጎዳል።

*ወሰን አበጅቶ ማቆየት።* ለአብዛኛው ታማሚ የሚስማማው ይኸኛው ነው፤ የሚሠራው ግን ሲጠበቅ ብቻ ነው። ዋናው ደንብ መኝታ ክፍሉ ቀንም ሌሊትም ለእንስሳው ዝግ መሆኑ ነው፤ ቀን አልጋው ላይ ተኝታ የዋለች ድመትን ማታ ማስወጣት ደንቡን መጠበቅ አይደለም። 0.3 ማይክሮሜትር ከሚያህል ብናኝ 99.97 በመቶውን የሚይዝ ሄፓ ማጣሪያ ያለው የአየር ማጽጃ መኝታ ክፍል ውስጥ ቢደረግ የእንስሳውንም የሻጋታውንም ብናኝ ይቀንሳል፤ እርጥበትን ግን አይቀንስምና ቤቱን ለማድረቅ ይተካል ተብሎ አይገዛ። ውሻን በሳምንት ሁለት ጊዜ ማጠብ አለርጂውን ይቀንሳል፤ ሆኖም ውጤቱ ከጥቂት ቀናት ስለማያልፍ በወር አንድ ጊዜ ማጠብ ለመዓዛው እንጂ ለአለርጂው አይጠቅምም። ከታጠበ በኋላ እስከ ቆዳው ማድረቅ፣ የእንስሳውን መኝታ ጨርቅ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማጠብ፣ ማበጠሩንና አሸዋውን መቀየሩን ጤነኛ ለሆነ የቤተሰብ አባል መስጠት ይገባል።

በጽዳት ዕቃ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሻጋታን «በተፈጥሯዊ መንገድ» ያጠፋል ተብሎ የሚሸጠው የሻይ ዛፍ ዘይት ለድመትና ለውሻ መርዝ ነው። በረኪና ሽንት ባለበት ቦታ ሲደፋ ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ተዋሕዶ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል፤ ሽንቱ በመጀመሪያ በውኃና በሳሙና ይታጠብ። ኦዞን የሚያመነጩ ማሽኖችን ደግሞ የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ሰው ባለበት ቤት እንዳይጠቀሙ ያስጠነቅቃል፤ እንስሳም ይተነፍሳልና ለእሱም ያው ነው። የሻጋታውን ሽታ ለመሸፈን በየቀኑ ዕጣን የሚያጨስ ቤተሰብ ድመቷን ከማስወጣቱ በፊት ዕጣኑንና የከሰሉን ጭስ ቢያቆም አስም ላለበት ሰው ፈጥኖ የሚታይ ለውጥ ሊያገኝ ይችላል።

*ለጊዜው ማራቅ።* ይህ አማራጭ ለሁለት የተለያዩ ዓላማዎች ይውላል፤ አንዱ የሚያዋጣ፣ ሌላው የሚያሳስት ነው። የሚያዋጣው የሻገተው ግድግዳና ኮርኒስ በሚፈርስበት ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ብናኙ ስለሚበዛ ታማሚውም እንስሳውም ከቤት መውጣት አለባቸው። ሻጋታ እንስሳንም ይጎዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የእንስሳት ሕክምና መጽሔት ላይ በውኃ በተጎዳ ቤት ውስጥ ለጥቁር ሻጋታ ተጋልጠው የነበሩ ሁለት ድመቶች ሳንባቸው ውስጥ ደም እንደፈሰሰ የሚገልጽ ዘገባ ወጥቶ ነበር። የሚያሳስተው ደግሞ «ለሁለት ሳምንት አውጥተን እንይ» የሚለው ሙከራ ነው። ድመት ከወጣች በኋላ በቤቱ የቀረው አለርጂ አስነሺ ፕሮቲን ድመት ወደሌለበት ቤት መጠን ለመውረድ በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ወር ስለሚፈጅ በሁለት ሳምንት አለመሻል ድመቷን ነጻ አያወጣትም፤ መሻልም በዚያው ሰሞን ክረምቱ ስለወጣ ወይም ቧንቧው ስለተጠገነ ሊሆን ይችላል። ለሙከራ ማራቅ ካስፈለገ ሶፋና ምንጣፍ ታጥቦ ቢያንስ ለአምስት ወር ይሁን።

*ለዘለቄታው መስጠት።* በወፍ ምክንያት የመጣ ወይም የተባባሰ የሳንባ ቁጣ ሲረጋገጥ ለድርድር የሚሆን ጊዜ የለም፤ ወፉ ይውጣ። መድኃኒት በትክክል እየተወሰደና ቤቱ ደርቆ ሳለ የማይገታ፣ በምርመራም ከድመት ወይም ከውሻ ጋር የተያያዘ አስም ሲኖርም ውሳኔው ይኸው ነው። ነገር ግን «መስጠት» ማለት የሚረከብ ሰው በስም ታውቆ፣ ክትባቱ ተሟልቶ፣ ልጆች ካሉ ቀድመው ተነግሯቸው ማስረከብ ነው። ውሻን ራቅ ወዳለ ሰፈር ወስዶ መልቀቅ በኢትዮጵያ ጭካኔ ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሰው በሚገድልበት አገር ያልተከተበ የጎዳና ውሻ መጨመር ነውና።

*አዲስ እንስሳ ማምጣት።* ጓደኛ ይሆነኛል ብሎ በማገገም መካከል እንስሳ የሚያመጣ ሰው ምልክቱ ሲመለስ ምንጩን መለየት ያቅተዋል። ቤቱ አንድ ሙሉ የዝናብ ወቅት ደርቆ እስኪያልፍ መጠበቅ ይሻላል።

| አማራጭ | የሚስማማው | የማይስማማው | ወጪ | ልፋት |
|---|---|---|---|---|
| እንደነበረ ማቆየት | ቤቱ ለደረቀ፣ ምርመራው ለእንስሳው አለርጂ ላላሳየ | ለከባድ አስም፣ ለወፍ ባለቤት | አነስተኛ | አነስተኛ |
| ወሰን አበጅቶ ማቆየት | ለቀላልና መካከለኛ አለርጂ፣ ረዳት ላለው | በአንድ ክፍል ለሚኖር፣ ለሳንባ ቁጣ | መካከለኛ | ከፍተኛ፣ የማያቋርጥ |
| ለጊዜው ማራቅ | ቤቱ በሚታደስበት ወቅት | ለአጭር «ሙከራ» | እንደ ተረካቢው | መካከለኛ |
| ለዘለቄታው መስጠት | ለተረጋገጠ የወፍ ሕመም፣ ለማይገታ አስም | ውኃው ገና ላልቆመ ቤት | አነስተኛ | ለስሜት ከባድ |
| አዲስ ማምጣት | ከአንድ ደረቅ የዝናብ ወቅት በኋላ | በማገገም መካከል ላለ | ከፍተኛ | ከፍተኛ |

እንደ ፍላጎትና እንደ አቅም

በአዲስ አበባ በአንድ ክፍል ቤት የሚኖርና ገንዘብ የሚያጥረው ሰው መኝታ ክፍልን መለየት ስለማይችል «ወሰን አበጅቶ» የሚለው ምክር ለእሱ ባዶ ቃል ነው። ለእሱ የተሻለው ድመቷ ወይም ውሻው ደረቅ ጎጆ ተሠርቶለት በግቢው እንዲያድር፣ ያለችውም ገንዘብ በመጀመሪያ ለቆርቆሮው ሚስማርና ለአሸንዳው፣ ቀጥሎ ለሻገተው ስፖንጅ ፍራሽ መለወጫ እንድትውል ነው። አልጋውን ከግድግዳው አንድ ክንድ ማራቅና ልብስ ቤት ውስጥ አለማስጣት ወጪ የለውም።

በውጭ አገር ቤዝመንት የተከራየ ሰው አንድ አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ ገዝቶ ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ ይመዝግብ። ቁጥሩ ከ60 በመቶ በላይ ከሆነ ስለ ውሻው የሚደረገው ክርክር ይቆይና እርጥበት መምጠጫ ማሽን ይግዛ፤ አከራዩንም በጽሑፍ ያሳውቅ። በዋሽንግተን ዲሲ ሕግ መሠረት አከራይ ስለ ሻጋታ የጽሑፍ ማስታወቂያ ሲደርሰው በ7 ቀን ውስጥ መመርመር አለበት። እርጥበቱን ውሻው አመጣው ለሚል አከራይ ጥሩው መልስ ያ የቁጥር መዝገብ ነው።

የአስም ሕመምተኛ ልጅ ያለው ቤተሰብ ከምንም በፊት የአለርጂ ምርመራ ያስደርግ፤ ልጁ በውሻው ምክንያት እንደታመመ ሳይረጋገጥ ውሻው ቢሰጥ ልጁ ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል። የሰውነት መከላከያው የተዳከመ ሰው ደግሞ እንስሳውን ቢያቆይ እንኳ አሸዋ አይቀይር፣ የወፍ ጎጆና የዓሣ መያዣ አያጽዳ፣ ድርቆሽ አይንካ፤ ወፍን በተመለከተም ከሕክምናው በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

የተመረጠው አማራጭ የትኛውም ይሁን፣ የሌሊት ሳልን፣ የእስትንፋስ መድኃኒት የተወሰደበትን ቁጥርና የዕለቱን እርጥበት በአንድ ደብተር ላይ ከውሳኔው ቀን ጀምሮ መጻፍ ይገባል። ከሦስት ወር በኋላ ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርቡ ያንን ደብተር ይዘው ይሂዱ፤ ድመት የወጣችበት ቤት ከሆነ ግን ገና አምስተኛው ወር አልደረሰምና በዚያን ቀን ስለ እርሷ የመጨረሻ ውሳኔ እንዲሰጥ አይጠይቁ።